አባቴ አልረግጠውም ያለው ሕንፃ

ጠዋት ጠዋት ያንን ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ ቆም ብዬ ትንፋሼን የምሰበስብበት ቦታ አለ። እዚያ ግድግዳው ላይ የውሻ ፊት ያለው ሰውዬ በጎኑ ቆሞ ያፈጥብኝ ነበር። ሰው ከሌለ "አንተ ደግሞ ምን ታየኛለህ?" እለዋለሁ። ከዚያ ጉልበቴን በእጄ እየደገፍኩ ቀሪውን እወጣና የሱቄን የብረት መዝጊያ ወደ ላይ እገፋለሁ። ሥራዬ ቬሎ ማከራየትና ማስተካከል ነው፤ አዳማ ላይ፣ የግብፅ ነገሥታት ቤተ መቅደስ በሚመስል ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሲያወሩት ያስቃል፤ ለሚውልበት ሰው ግን አያስቅም።

ሕንፃው የራሱ ስም አለው። ባለቤቱ በትልልቅ ፊደል አስቀርጾ ሰቅሎታል፤ ማንም ጠርቶት ግን አያውቅም። ለከተማው ሰው "ፈርዖን" ነው፣ አለቀ። ባጃጅ ውስጥ "ፈርዖን ጋ ወራጅ አለ!" ይባላል። አንድ ደንበኛዬ የሆነ ባጃጅ ነጂ ባወረደኝ ቁጥር "ሙሴ ከመጣ ደውይልኝ እሺ?" ይላል። መጀመሪያ ሰሞን እስቅለት ነበር። አንድ ቀልድ ለዓመታት ሲደገም ግን ጨጓራ ይልጣል።

ባለቤቱ የእህል ነጋዴ ነው። ደግ ሰው ነው፣ ክፉ አልናገርበትም። ለሕክምና ካይሮ ሄዶ፣ ድኖ፣ ስልኩን በፎቶ ሞልቶ ተመለሰ። "እንዲህ ነው የምፈልገው" ብሎ ለመሐንዲሱ አሳየው። መሐንዲሱም "ጋሼ፣ ይኼ እኮ የአማልክት ቤት ነው፣ ሰው ሊሸጥበትና ሊገዛበት አይመችም" ማለት ሲገባው እሺ ብሎ ሠራው። ባለ ገንዘብ የተመኘውን ማን ደፍሮ ይመልሳል? የዓባይ ወሬ በጦፈበት ሰሞን ታች ካፌው የሚቀመጡት ጡረተኞች "እነሱ ውሃችንን ይከለክሉናል፣ እኛ ሐውልታቸውን እናቆማለን" እያሉ ሲያላግጡ ባለቤቱ ሰማ። ተቀየማቸው። ከዚያ ወዲህ ቡናውን ሌላ ቦታ ነው የሚጠጣው።

መግቢያው ግራና ቀኝ ሁለት ነገሥታት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። በሲሚንቶ ተሠርተው ወርቅማ ቀለም ተቀብተዋል። የግራው ቀለም ሳይደርቅ የአዳማ ነፋስ አቧራ አራገፈበትና ፊቱ ላይ ቋቁቻ የወጣበት መሰለ፤ እንደዚያው ቀረ። ከእነሱ ኋላ ዓምዶቹ አሉ፣ ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፋቸው። ከአስፋልቱ ላይ ሆነህ ስታይ የሚታይህ ዓምድ ብቻ ነው። ሱቅ አይታይም፣ ልብስ አይታይም፣ ሰው አይታይም። ንግድ ማለት መታየት ነው እንጂ ሌላ ምንድን ነው? የጥንቶቹ ሰዎች ጣዖታቸውን ለመደበቅ ሠርተውት ይሆናል፤ እኛን ግን ከነዕቃችን ደበቀን።

እና ለምን ገባሽ ትሉኝ ይሆናል። ሁሉም ሲሻማ ተሻማሁ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ ይመጣሉ፣ እግረ መንገዳቸውን ቬሎ ያያሉ ብዬ ነው። እውነትም መጡ። ከሌላ ሱቅ የተከራዩትን ቬሎ ለብሰው፣ የንጉሡ ጉልበት ላይ ተደግፈው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቱ የእጅ መዳፍ የምታህል። ሊፍቱ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ በሩ ላይ ትልቅ ዓይን ሥለውበታል፣ ቆሞ ያየናል። መብራት ሲጠፋ፣ በአዳማ ሙቀት፣ አንዲት የመቂ ሙሽራ ወገቧን በክር ስቤ እያሰርኩላት እጄ ላይ ዝልፍልፍ አለች። እናቷ "በኢየሱስ ስም!" እያለች ትጮሃለች፣ ሚዜዎቹ ያራግባሉ፣ እኔ ክሩን በመቀስ እቆርጣለሁ። ነቃች። ውሃ ጠጣችና "ቆንጆ ነኝ?" አለችኝ። "ታምሪያለሽ" አልኳት። ቬሎውን እንደገና ስሰፋ ዋልኩ።

ይኼን ሁሉ እችለዋለሁ። ያልቻልኩት የአባቴን ነገር ነው።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቆቃ ላይ፣ የግድቡ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። በቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። በወጣትነቱ ወንጌልን ተቀብሎ "ቅቤ ለሚቀባ ዛፍ አልሰግድም" ስላለ አባቱ ከቤት አባረሩት። ሳይታረቁ፣ ሳይመርቁት ሞቱ። ስለዚህ ጣዖት ለእሱ መጽሐፍ ላይ ያነበበው ነገር አይደለም፤ ወላጁን ያጣበት ነገር ነው። ቤታችን ውስጥ የሸክላ ድመት እንኳ ተቀምጣ አታውቅም። አክስቴ አንዴ ስጦታ አምጥታልን፣ እየሳቀች "ድመት እኮ ናት" ብትለው፣ "ድመት ከሆነች ታድናለቻ፤ ካላደነች ምን ትሠራለች?" ብሎ መለሰላት።

በእኛ ቤት ደግሞ ደንብ አለ። ከልጆቹ አንዱ ቤት ሲሠራ፣ ሱቅ ሲከፍት፣ አባቴ ይሄድና በሩ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልያል፤ ከዚያ ዳቦ ይቆርሳል። እሱ ሳይጸልይበት ሥራ አይጀመርም። ለእህቴ ሞጆ ላይ ለከፈተችው መድኃኒት ቤት ጸልዮላታል። ለወንድሜ ደግሞ አዳሚ ቱሉ ድረስ በሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ሽንኩርት ማሳ መሃል ቆሞ፣ ለውሃ ፓምፕ ጸልዮለታል። ለፓምፕ! ፓምፑም ይኼው እስከ ዛሬ ይሠራል። ወንድሜ በተገናኘን ቁጥር "የተባረከው ፓምፔ" ሲል እኔ የምገባበት ይጠፋኛል።

የእኔ ሱቅ ሲከፈት ወንበር ተከራይተን፣ ለስላሳ ደርድረን፣ ድፎ ዳቦውን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ጠበቅን። አባቴ ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ብብቱ ሥር ይዞ በባጃጅ መጣ። ሕንፃውን ከዚያ በፊት አላየውም። ልቀበለው ወረድኩ። ባጃጁ ውስጥ እንደተቀመጠ ሁለቱን ነገሥታት አያቸው፣ ወደ ላይ አየ፣ ግድግዳው ላይ የተቀረጹትን የወፍ ራስና የውሻ ራስ ያላቸውን ሰዎች አየ።

"እዚህ ነው?" አለኝ።

"አዎ አባዬ፣ ሁለተኛ ፎቅ።"

"በጓሮ በር የለውም?"

የለውም። ለዕቃ ማስገቢያ እንኳ በር የለውም፤ ሁሉም በነገሥታቱ መሃል ነው የሚገባውና የሚወጣው። እንደሌለው ነገርኩት። "ኢንተላ ኮ" አለኝ። ልጄ ማለቱ ነው፤ ነገር ሲከብደው በኦሮምኛ ነው የሚጠራኝ። "እኔ በእነዚህ መሃል አላልፍም። እዚህ ቤት እግሬ አይረግጥም።" ለመንኩት፣ ሲሚንቶ ነው አልኩት፣ የግራውን ቋቁቻ አሳየሁት። ፈገግ እንኳ አላለም። ባጃጁ ዞሮ ይዞት ሄደ።

የቤተ ክርስቲያናችን ወጣት ወንጌላዊ ጸለየልን፤ ጥሩ ጸሎት ነው፣ ጌታ ይባርከው። ዳቦውን እኔው ቆረስኩት። እንግዶቹ እያዩኝ ስለሆነ እየሳቅሁ ነው የቆረስኩት።

ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ጥሩ። የቤተ ክርስቲያናችን እናቶች ልጆቻቸውን ሲድሩ ሌላ ሱቅ ሄዱ። አይሰድቡኝም፣ ጉንጬን ስመው ነው የሚያልፉኝ። አንዷ ብቻ እውነቱን ነገረችኝ፦ "አይክፋሽ፣ አባትሽ ራሳቸው ያልገቡበትን እኛ ምን ብለን እንግባ?" ምን እላታለሁ? እውነቷን ነው። እኔ የፈለግሁት ግን ገበያውን ብቻ አልነበረም። ከልጆቹ ሁሉ ቶሎ ቶሎ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። ለፓምፕ የተዘረጋ እጅ ለእኔ ሲታጠፍ አንጀቴ ይቃጠል ነበር። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ መጥቶ ያችን በር እንዲነካት ነበር የምመኘው።

እሮሮዬን የማሰማው አንድ ሰው ነበረኝ፣ ፊት ለፊቴ መጋረጃ የሚሸጠው ጎረቤቴ። ወሎዬ ነው፣ ሙስሊም፣ ሲናገር ዝግ ብሎ። እሱም ሐውልት ደስ አይለውም። ከሱቁ አጠገብ ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ባለ ወፍ ራስ በአበባማ መጋረጃ ሸፈነው። ደንበኛ ሁሉ እየመጣ "ያንን የተሰቀለውን ስጠኝ" ሲለው "እሱ ሥራ ላይ ነው" ይላል። በአባቴ ነገር ስነጫነጭ "አብሽሪ እህቴ፣ አባት አይጨክንም" ይለኝና ወደ መጋረጃዎቹ ይዞራል። በኋላ በኋላ ጭራሽ አባቴን ካነሣሁ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ሰለቸሁት ብዬ እኔም ተውኩት።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከቆቃ መጥቶ ከእኔ ጋር መኖር ጀመረ። ስኳር አለበት። ጠዋት መርፌውን ወግቼው፣ ቁርሱን ሰጥቼው፣ ሠራተኛዋን አደራ ብዬ እወጣለሁ። ማታ እግሩን አጥባለሁ። የስኳር ሰው እግር በየቀኑ ካልታየ ጉድ ይመጣል። ስለ ሁሉም ነገር እናወራለን፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ቆቃ ዓሣ፣ ስለ መብራት መጥፋት። መብራት በጠፋ ቁጥር እኔ የጠየቅሁት ይመስል "እኔ በነበርኩበት ጊዜ እንዲህ አልነበረም" ይላል። ስለ ሱቄ ግን አናወራም። "ሥራ እንዴት ነው?" ሲለኝ "ጌታ ይመስገን" እላለሁ፤ "ይመስገን" ይላል፤ በዚያ ያበቃል። በአንድ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ያችን ነገር እየዞርናት ኖርን።

ከዚያ አንድ ቀን የሕንፃው ባለቤት መሰላቸቱን ሰማን። ፎቆቹ ባዶ ሆነዋል፤ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ርግብ ነው ያለው። ሐውልቱ ሁሉ ይነሣል፣ ፊቱ በመስታወት ይሸፈናል ተባለ። እንደ ልጅ ዘለልኩ። አባቴ ይመጣል ብዬ ነዋ! ጣዖቱ ከሄደ ምን ምክንያት አለው? ዳቦውን ሁሉ በልቤ ጋገርኩት።

የባሕር ዛፍ እንጨት ተተከለ፣ መዶሻ ተጀመረ። ሲሚንቶ ሲፈለጥ የሚወጣውን አቧራ ያየ ያውቀዋል፤ ነጭ ቬሎ ላይ ሲያርፍ ደግሞ ምን እንደሚመስል እኔ ልንገራችሁ። በላስቲክ ሸፈንኩ፣ በአንሶላ ሸፈንኩ፣ በጨርቅ የበሩን ሥር ወተፍኩ። ማታ ማታ ቤቴ ወስጄ አጠብኩ። አንዳንድ ሰሞን ሠራተኞቹ ይጠፋሉ፤ ሲጠየቅ ዕቃ የለም ይባላል። የውሻ ፊቱ ሰውዬ አፍንጫው ተቆርጦ ለወራት ቆመ። አፍንጫ ከሌለው ይበልጥ የሚያፈጥ ሆነ።

ነገሥታቱ ተነሥተው ሳያልቁ የአባቴ እግር ቆሰለ። አንዲት ትንሽ የጫማ ልጠት ናት፤ ከፋች፣ አውራ ጣቱን ወሰደችው። ከሆስፒታል ስንወጣ ሐኪሙ ደረጃ የሚባል ነገር ከእንግዲህ እርሱት አለን። እኔ ሐኪሙን አመስግኜ፣ አባቴን ባጃጅ ላይ አስቀምጬ፣ መድኃኒቱን ልገዛ ዞር ስል አለቀስኩ። ለጣቱ ብቻ አይደለም። ሊፍቱ በማይሠራ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ አባቴ ከእንግዲህ መቼም አይወጣም። ጣዖቱ ሲሄድ እግሩ አብሮ ሄደ። እንዲህ ያለ ዕድል የማን ነው? የእኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ሱቁን ለመልቀቅ ወሰንኩ። መስታወቱ ገባ፣ ሕንፃው እንደማንኛውም ሕንፃ ሆነ፤ ሰው አሁንም "ፈርዖን" ይለዋል። ባለቤቱ ሰላምታ እንኳ አይሰጠንም፣ እንዳፈረ ሰው በጎን ያልፋል። ለማንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ ለአባቴ መንገር አለብኝ ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ከሰዓት ነበር፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ። እሱ በረንዳው ላይ ተቀምጦ፣ እኔ እግሩን አጥቤ፣ ቁስሉን አይቼ፣ ቅባት እየቀባሁለት፣ "አባዬ፣ ሱቁን ልለቅ ነው" አልኩት።

"የቱን ሱቅ?"

"ስንት ሱቅ አለኝ? ያንን ነዋ።"

"ለምን?"

"ገበያ የለውም። መሬት ላይ ያለ ትንሽ ቤት እፈልጋለሁ።"

እግሩን ወደ እኔ አስጠጋ። የተስማማ መስሎኝ ቅባቱን ቀጠልኩ። ድንገት ተቆጣ።

"የተጸለየበትን ቦታ ለማን ትተሽ ነው የምትሄጂው?"

"ማን ጸለየበት? ያ ወንጌላዊ?"

"እኔ ነኛ!"

እጄ እግሩ ላይ ቀረ። ቀና ብዬ አየሁት። እሱ ወደ አጥሩ ያያል።

"ያ ወሎዬ ጎረቤትሽ አልነገረሽም?"

"ምኑን?"

"አልነገረሽም ማለት ነው" አለና ራሱን ነቀነቀ። "አይ ጨዋ ሰው! አደራ ብዬው ነበር። ከነገርካት አሸነፍኩት ትላለች አልኩት። ይኼን ያህል ጊዜ ይጠብቀዋል ብዬ ግን አላሰብኩም።"

ለካ ያ ሰው መሬት መሬት የሚያየው ለዚህ ኖሯል። በየቀኑ አባቴን ሳማለት፣ ሳለቅስለት፣ አደራ በላ ላለመሆን ምላሱን ነክሶ ኖሯል። ልናደድበት ፈለግሁ፣ አልሆነልኝም።

አባቴ ነገሩን ቀስ እያለ ነገረኝ። ከእኔ ጋር መኖር በጀመረበት ሰሞን፣ ሠራተኛዋን ወደ ገበያ ልኮ፣ ባጃጅ ይዞ ሄዷል። ትዝ አለኝ! መብራት ስለጠፋ ሱቄን ዘግቼ ለምሳ ቤት ብመጣ አባቴ የለም። ሰፈሩን አስሼ፣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ፣ እብድ ሆኜ ስመለስ ከባጃጅ ሲወርድ አገኘሁት፣ አቧራ በአቧራ ሆኖ። "በዚህ ፀሐይ! በዚህ ዕድሜ! የት ነው የምትዞረው?" ብዬ ጮህኩበት። "ጸጉሬን ልስተካከል ሄጄ ነው" አለኝ። ጸጉሩ ጆሮው ላይ እንደወረደ እንደነበር አሁን ነው የታየኝ።

"በእነዚያ በሁለቱ መሃል እንዴት አለፍክ?" አልኩት። ያኔ ነገሥታቱ ገና ከነወርቃቸው ተቀምጠው ነበር።

"ዓይኔን ጨፍኜ።"

"ዓይንህን ጨፍነህ?"

"ምን ላድርግ ታዲያ! የሕንፃው ዘበኛ እጄን ይዞ እስከ ደረጃው አደረሰኝ። ከዚያ ጎረቤትሽን ጠራውና ወርዶ ተቀበለኝ። ብዙ ጊዜ ልደፋ ነበር፤ ያ መሐንዲስ ደረጃ አያውቅም። 'ደርሰናል አባቴ፣ አሁን ይግለጡ' ሲለኝ ነው የገለጥኩት። ብገልጥ በርሽ ተቆልፏል።"

ሳቄ መጣ፤ እየሳቅሁ እንባዬ ወረደ፤ የቱ የቱ እንደሆነ አላውቅም። ያን ቀን እኔ እሱን ፍለጋ ከተማውን ሳካልል እሱ የእኔ በር ላይ ቆሞ ነበር።

"መዝጊያው ላይ እጄን ጫንኩ" አለ። "ብረቱ ያቃጥል ነበር።"

"ምን ብለህ ጸለይክልኝ?" አልኩት። ለወንድሜ፣ ለእህቴ የጸለየውን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ገበያው ይብዛ፣ እጃቸው ይባረክ፣ ክፉ አይድረስባቸው፣ ረጅም ነው።

"ያን ቀን ብዙ አልጸለይኩም" አለኝ። "ጌታ ሆይ፣ ይህቺ ልጄ ደክሟታል አልኩት። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።"

እጄ ቅባት ስለነበር ፊቴን መጥረግ አልቻልኩም። አባቴ ጥቂት ጠበቀኝና "በይ፣ ይኼኛው ቀርቷል" ብሎ ሌላውን እግሩን ሰጠኝ።